መኪናው ምርመራውን አለፈ፤ እኔስ?

ባለፈው ወር ከእሑድ ፕሮግራም በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ በቅርቡ ትዳር የመሠረተ አንድ ወንድም ጠጋ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ኢንሹራንስ ቶታል ያደረገውን መኪና በጨረታ ገዝተህ ብታሠራው ይሻልሃል፤ በግማሽ ዋጋ መኪና ይኖርሃል እያሉ ይመክሩኛል። እርስዎም ከዚህ በፊት ሞክረውታል ሲሉ ሰማሁ። ምን ይሉኛል?» አለኝ። ከጎኑ የቆመችው ባለቤቱ ምንም አልተናገረችም። ዓይኗ ግን «እባክዎ እውነቱን ይንገሩት» የሚል ይመስል ነበር።

ጥያቄው በቆምንበት የሚያልቅ ስላልነበረ በመጽሔቱ ላይ እንደምጽፈው ቃል ገባሁላቸው። እኛ የምንኖረው በሜሪላንድ ነው። በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ከሚኖረው ወገናችን መካከል እንዲህ ዓይነት መኪና የገዛ ወይም ለመግዛት የሚያስብ ብዙ ነውና፣ ጽሑፉ ለእነርሱ ብቻ ሳይሆን ለብዙዎቻችን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር። አዎ፣ ሞክሬዋለሁ። መኪናው ተሠርቶ፣ ተመርምሮ፣ ታርጋ ለጥፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። የተጠየቀውንም ምርመራ በመጀመሪያው ቀጠሮ አልፏል። ያላለፍኩት እኔ ነበርኩ።

«ቶታል» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን ቶታል የተደረገ መኪና ሲባል እንደ ወረቀት የተጨማደደ ብረት ይታየናል። ነገሩ ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው። መኪና ሲጋጭ ኢንሹራንሱ ሁለት ቁጥሮችን ያስተያያል። አንደኛው ከአደጋው በፊት መኪናው በገበያ ያወጣ የነበረው ዋጋ ነው። ሁለተኛው ለማሠራት የሚጠይቀው ወጪ ነው። በሜሪላንድ ሕግ የማሠሪያው ወጪ ከገበያ ዋጋው ከ75 በመቶ በላይ ከሆነ መኪናው «ሳልቬጅ» ይባላል። ለምሳሌ 18,000 ዶላር ያወጣ የነበረ መኪና ለማሠራት ከ13,500 ዶላር በላይ ከጠየቀ ሳልቬጅ ነው ማለት ነው። መስመሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ቴክሳስ ለምሳሌ 100 በመቶ ላይ ነው ያሰመረችው።

ኢንሹራንሱ ለባለቤቱ የመኪናውን ዋጋ ከፍሎ መኪናውን ይረከባል፤ ከዚያም እንደ ኮፓርት ባሉ የጨረታ ድርጅቶች አማካይነት ይሸጠዋል። ከዚህ በኋላ መኪናው እንደ ቀድሞው ታይትል፣ ማለትም ሊብሬ የለውም። ያለው የሳልቬጅ ሰርተፊኬት ነው። በዚያ ሰርተፊኬት ታርጋ ማውጣት አይቻልም፤ መንዳትም አይቻልም። ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው ተጭኖ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ፤ አሮጌ መኪና ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ በኮፈንና በፓራውልት ጉዳት ብቻ ቶታል ሊሆን ይችላል። አዲስ መኪና ደግሞ እጅግ ተጎድቶም ቶታል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «ቶታል ሆኗል» የሚለው ቃል ብቻውን መኪናው ምን ያህል እንደተጎዳ አይነግረንም። ምን እንደደረሰበት የሚነግረን የራሱ ታሪክ ነው።

እኔ የገዛሁት

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በቤታችን ሁለተኛ መኪና አስፈላጊ ሆነ። የባለቤቴ የሥራ ሰዓት ተቀየረ፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሰው ጠፋ። እኔ ደግሞ በልቤ ቅዳሜና እሑድ ማታ ኡበር እየሠራሁ ተጨማሪ ገቢ አገኛለሁ የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ጨረታ ላይ የመግዛት ፈቃድ ያለው ሰው አገኘሁና የ2018 ቶዮታ ካምሪ አየሁ። ከፊት ተመትቷል፤ የመሪውና የተሳፋሪው ኤርባግ ፈንድቷል፤ ሞተሩ ግን ይነሣል።

ሒሳቤን እንደሚከተለው ሠራሁ። ለመኪናው፣ ለጨረታውና ለደላላው በጠቅላላ 7,100 ዶላር፤ ለመጫኛ 300፤ ለዕቃ 2,850፤ ለባትላሜራውና ለቀለም 1,750። ድምሩ 12,000 ዶላር ነው። አደጋ ያልደረሰበት ተመሳሳይ መኪና በዚያን ጊዜ 18,000 ዶላር ገደማ ነበር። 6,000 ዶላር አተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ለባለቤቴ ምን አልኳት? «ጥሩ ካምሪ አግኝቻለሁ፤ ያገለገለ ነው፤ ትንሽ ጥገና ይፈልጋል» አልኳት። ይህን ሁሉ ስናገር አንድም ውሸት አልተናገርኩም። መኪናው ያገለገለ ነው፤ ጥገናም ይፈልጋል። «ጨረታ» እና «ሳልቬጅ» የሚሉትን ቃላት ግን ዋጥኳቸው። ለምን? ጥያቄ እንደምታበዛ ስለማውቅ ነው። ተሠርቶ፣ አምሮ ሲመጣ እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። አምሮ ሲመጣ ደግሞ ደስታዋን ማበላሸት አልፈለግሁም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህ መንገድ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይመስለኝም። ግማሹን እውነት መናገር እንደ ብልኃት የሚቆጠርበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ሁለት ምርመራ፣ ሁለት ጥያቄ

መኪናው ተሠርቶ እንዳለቀ ወደ መንገድ ለመመለስ በሜሪላንድ ሁለት ምርመራዎች ይጠብቁታል። ሁለቱን ሰዎች ስለሚያደበላልቋቸው ለይቼ ላስረዳ።

የመጀመሪያው የሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ የሚያደርገው የሳልቬጅ ምርመራ ነው። ቀጠሮ ይያዛል፤ መኪናው ተጭኖ ይቀርባል። ፖሊሱ የሻንሲ ቁጥሩን፣ እዚህ «ቪን» የምንለውን 17 ፊደልና ቁጥር፣ ከወረቀቱ ጋር ያስተያያል። ከዚያም ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ መብራቱና ኤርባጉ ከየት እንደተገዙ ደረሰኝ ይጠይቃል። ዕቃው ከሌላ መኪና የተነቀለ ከሆነ የዚያ መኪና የሻንሲ ቁጥር በደረሰኙ ላይ መጻፍ አለበት። የዚህ ምርመራ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ ዕቃ የተሰረቀ ነው ወይስ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ?»

ሁለተኛው ፈቃድ ባለው ጋራዥ የሚደረገው የደኅንነት ምርመራ ነው። ፍሬኑ፣ መሪው፣ የጎማው እግር፣ ጎማው፣ መብራቱ፣ መስተዋቱና የጭስ ማውጫው ይታያል። ይህ ሳልቬጅ ላልሆነ ያገለገለ መኪናም ባለቤት ሲቀየር የሚጠየቅ ምርመራ ነው። ጥያቄው «መኪናው ዛሬ መንገድ ላይ ለመውጣት የተደነገገውን ያሟላል ወይ?» የሚል ነው።

ወንዙን ተሻግረው በቨርጂንያ ለሚኖሩ ወገኖችም አካሄዱ ይመሳሰላል። እዚያ የሳልቬጅ ምርመራውን የሚያደርገው የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ክፍያው 125 ዶላር ነው። እዚያም ቢሆን ይህ ምርመራ የደኅንነት ምርመራን አይተካም።

እኔ ደረሰኞቼን ሁሉ በአንድ ፋይል አድርጌ ስለቀረብኩ ሁለቱንም አለፍኩ። ፖሊሱ ወረቀቴን እየመለሰልኝ በትሕትና፣ «ያየሁት የዕቃውን ባለቤትነት ነው። መኪናው በደንብ ተሠርቷል ወይ ለሚለው ሌላ ሰው አሳየው» አለኝ። እኔ ግን ማኅተሙን እንጂ ቃሉን አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ አዲሱ ታይትል መጣ። በላዩ ላይ «ሪቢልት ሳልቬጅ»፣ ተበላሽቶ የተሠራ፣ የሚል ምልክት አለበት። ያ ምልክት መኪናው እስካለ ድረስ ይኖራል፤ ባለቤቱ ቢቀየርም አይጠፋም። ታይትሉን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሌሎች ወረቀቶች ሥር አስቀመጥኩት።

ስልኩ ላይ የተሰማው

መኪናውን በመጀመሪያ ያስገባሁት ሕጉ በሚጠይቀው ዝቅተኛ የኢንሹራንስ ሽፋን ነበር። በቤታችን ወርኃዊ ክፍያዎችን የምትከታተለው ባለቤቴ ናት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የራሳችን መኪና ቢጎዳም የሚከፍል ሽፋን እንጨምር ብላ ኢንሹራንስ ደወለች። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር፤ እኔም ወጥ ቤት ቆሜ እሰማለሁ። ሠራተኛዋ ቁጥሩን አስገብታ፣ «ይህ ሪቢልት መኪና ነው። ለዚህ ሽፋን ፎቶግራፍና የጥገና ደረሰኝ እንፈልጋለን። እንደገና ቶታል ቢሆንም የምንከፍለው እንደ ሌላው መኪና አይሆንም» አለች።

ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«ሪቢልት ማለት ምንድን ነው?»

ነገርኳት። በዝግታ፣ እየተቆራረጥኩ ነገርኳት። እስክጨርስ ድረስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረችው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«የተመታ መኪና መግዛትህ አይደለም ያመመኝ። ብትነግረኝ ምናልባት እኔም እሺ እል ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጆቹን ከኋላ አስቀምጬ ነድቼዋለሁ። ምን ላይ እንደተቀመጡ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ደላላው ያውቃል፤ ባትላሜራው ያውቃል፤ ፖሊሱ ያውቃል፤ ኢንሹራንሱ ያውቃል። እናታቸው አላውቅም።»

መልስ አልነበረኝም። መኪናውን ለማስመርመር እያንዳንዱን ደረሰኝ ሰብስቤ ለማላውቀው ፖሊስ አቅርቤ ነበር። ለእርሷ ግን አንድ ወረቀት እንኳ አላሳየሁም።

በዚያው ሳምንት የኡበሩም ሐሳብ ፈረሰ። ኡበርም ሆነ ሊፍት ሳልቬጅ ወይም ሪቢልት ታይትል ያለውን መኪና አይቀበሉም። አስቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ በአንድ ደቂቃ የማውቀው ነገር ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ ኡበር የሚሠሩት ባለቤቴ ግን ታውቅ ነበር። ሐሳቤን ስለደበቅሁ ምክሯንም አጣሁ።

ምርመራው የማያየው

ወሬው በዚህ አላበቃም። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2024 ዓመት በበጋው ወራት የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ስለ ርካሽና ደረጃቸውን ያልጠበቁ የኤርባግ መተኪያዎች ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ቀደም ሲል ተጋጭተው ኤርባጋቸው በሌላ በተተካ መኪናዎች ውስጥ፣ ያ መተኪያ ሲፈነዳ እንደ ጥይት ብረት እየረጨ ሦስት ሰዎችን መግደሉንና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ክፉኛ ማቁሰሉን ገለጸ። አደጋዎቹ በመደበኛ ሁኔታ ሰው በሕይወት የሚተርፍባቸው ዓይነት ነበሩ። የገደለው ግጭቱ ሳይሆን ያድናል ተብሎ የተገጠመው ዕቃ ነበር።

ዜናውን ያነበበችው ባለቤቴ ናት። ስልኳን ይዛ መጥታ፣ «የእኛስ ከየት ነው የተገዛው?» አለችኝ።

የመሪውን ኤርባግ የገዛሁት እኔ ነበርኩ፤ በኢንተርኔት፣ በ380 ዶላር። ከቶዮታ ሻጭ ዋጋው እጥፍ ድርብ ስለነበረ ነው። ደረሰኝ ነበረው፤ የተሰረቀም አልነበረም። ስለዚህ የፖሊሱን ጥያቄ በሚገባ መልሷል። ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ ምልክት መብራት አይበራም ነበር። ነገር ግን የማንኛውም ምርመራ ሠራተኛ የመሪውን ልብ ፈትቶ ውስጡን አያይም። መብራቱም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም፤ ኤርባግ ሳይኖር እንዳለ አስመስለው የሚያጠፉበት ዘዴ አለ።

በማግስቱ አብረን ወደ ቶዮታ ጋራዥ ሄድን። አብረን ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ቴክኒሻኑ መሪውን ከፈተና በውስጡ ያለው የቶዮታ ዕቃ መሆኑን ሊያረጋግጥልን እንደማይችል ነገረን። ሌላም ነገር አገኘ። የ2018 ካምሪ ከፊት አርማው ኋላ ራዳር፣ ከፊት መስተዋቱ ላይ ደግሞ ካሜራ አለው፤ ከፊት ያለ መኪና ድንገት ሲቆም ፍሬን የሚይዘው በእነዚህ ነው። የእኛ ራዳር የተቀመጠበት ብረት ትንሽ ጠሞ ነበር። በዓይን ሲታይ ምንም አይልም፤ ራዳሩ ግን መንገዱን ሳይሆን ዳሩን ይመለከት ነበር። ኤርባጉን በትክክለኛው አስለውጠን፣ ራዳሩን አስተካክለን፣ 1,900 ዶላር ከፍለን ወጣን።

አሁን ሒሳቡን እንደገና እንሥራ። 12,000 ላይ 1,900 ሲጨመር 13,900 ዶላር ሆነ። ሪቢልት ታይትል ያለው መኪና በገበያ ላይ ከሌላው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 በመቶ ዝቅ ብሎ ይሸጣል። 18,000 ዶላር የሚያወጣው መኪና 30 በመቶ ሲቀነስለት 12,600 ነው። አተረፍኩ ያልኩት 6,000 ዶላር የት ሄደ? መጀመሪያውኑ አልነበረም። እኔ ያስተያየሁት ሁለት የተለያዩ መኪናዎችን ነበር።

ስንሸጠው

መኪናውን አንድ ዓመት ያህል ነዳነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልደረሰብንም። በ2025 ባለቤቴ ወደ ቀድሞ የሥራ ሰዓቷ ስትመለስ ልንሸጠው ወሰንን። አንድ ወዳጄ፣ «ለምን ዝርዝሩን ታወራለህ? ታይትሉ ላይ ተጽፏል፤ ካላነበቡት የእነርሱ ጉዳይ ነው» ብሎ መከረኝ። ይህን ምክር ስሰማ የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። «ያገለገለ ነው፤ ትንሽ ጥገና ይፈልጋል» ብሎ ለሚስቱ የተናገረው ሰው ድምፅ።

ሊገዙ የመጡት የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። ባለቤቴ ሻይ አቀረበችላቸውና ፋይሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የጨረታው ፎቶግራፍ፣ ኤርባጉ ፈንድቶ ተንጠልጥሎ የሚታይበት ሳይቀር፤ የዕቃው ደረሰኞች፤ የሁለቱ ምርመራዎች ወረቀት፤ የቶዮታ ጋራዥ ሒሳብ። «መጀመሪያ የተገጠመው ኤርባግ ጥሩ አልነበረም፤ ለውጠነዋል። ይህም ወረቀቱ ነው» አለቻቸው። ወጣቱ ፊቱ ትንሽ ሲለወጥ አየሁ። ሚስቱ ግን አንድ በአንድ አገላብጣ አየችና፣ «እንዲህ ያለ ወረቀት ያሳየን ሰው እስካሁን አልነበረም» አለች።

ወደ ራሳቸው መካኒክ ወስደው አሳዩት። በ11,000 ዶላር ገዙን። ካወጣነው 2,900 ዶላር ጎድሎብናል፤ የአንድ ዓመት አገልግሎት ግን ሰጥቶናል። ያን ማታ ባለቤቴ፣ «ዛሬ ደኅና ምርመራ አለፍን» አለችኝና ሳቀች። ስለዚያ መኪና ስትስቅ ያየኋት ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

ለመግዛት ለምታስቡ

እንግዲህ ለዚያ ወንድምና ለባለቤቱ፣ እንደ እነርሱም ለሚያስቡ ሁሉ ምክሬ «አትግዙ» የሚል አይደለም። በደንብ ተሠርቶ ለዓመታት የሚያገለግል እንዲህ ያለ መኪና አለ። የእጅ ሙያ ያለው ሰው፣ ዕቃውንም ጥገናውንም በራሱ የሚችል፣ ረጅም ጊዜ ሊነዳው የሚፈልግ ሰው ሊጠቀም ይችላል። ነገር ግን የሚከተሉትን ሳታደርጉ ገንዘባችሁን አታውጡ።

አንደኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን አጣሩ። ብሔራዊ የኢንሹራንስ ወንጀል መከላከያ ቢሮ በነፃ በሚሰጠው የቪን ማጣሪያ መኪናው ተሰርቆ እንደሆነ ወይም ኢንሹራንስ ሳልቬጅ ብሎ አስመዝግቦት እንደሆነ ማየት ይቻላል። የታይትል ታሪኩን ደግሞ በ1992 በወጣው የመኪና ስርቆት መከላከያ ሕግ ከተቋቋመው ብሔራዊ የታይትል መረጃ ሥርዓት በትንሽ ክፍያ ታገኛላችሁ። ይህ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በአንድ ስቴት ሳልቬጅ የተባለ መኪና ወደ ሌላ ስቴት ተወስዶ ምልክቱ «ታጥቦ» የሚሸጥበት ጊዜ አለና።

ሁለተኛ፣ ጉዳቱ ምን እንደነበር እወቁ። ከአደጋው በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ የሌለውን የተሠራ መኪና ባትገዙ ይሻላል። ቀለም የተቀባ መኪና ሁሉ ያማረ ነው። በተለይ ጎርፍ ከነካው ራቁ። እንደ 2005ቱ ካትሪና፣ እንደ 2017ቱ ሃርቪና እንደ 2022ቱ ኢያን ካሉ ማዕበሎች በኋላ ውኃ ውስጥ የነበሩ መኪናዎች ደርቀው፣ ታጥበው ገበያ ወጥተዋል። የውኃ ጉዳት ሽቦ ውስጥ ተቀምጦ ከወራት በኋላ ነው የሚወጣው።

ሦስተኛ፣ ኢንሹራንሳችሁን ከመግዛት በፊት ጠይቁ። ለሪቢልት መኪና ሙሉ ሽፋን የማይሰጡ አሉ። የሚሰጡትም ምን እንደሚጠይቁና መኪናው ዳግመኛ ቢጎዳ በምን ዋጋ እንደሚያስቡት በጽሑፍ ተቀበሉ። ለኡበር ወይም ለሊፍት ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ከአሁኑ ተዉት።

አራተኛ፣ ኤርባግን፣ የደኅንነት ቀበቶን፣ ፍሬንንና መሪን በርካሽ አትግዙ። ኮፈን ከሌላ መኪና ቢነቀል፣ ቀለሙ ቢለያይ የሚጎዳ ዓይን ነው። ኤርባግ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚሞከረው። ከተፈቀደለት ሻጭ ግዙ፤ ከኋላው ራዳርና ካሜራ ካለም መስተካከሉን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ከመንግሥት ምርመራ በተጨማሪ የራሳችሁን አስመርምሩ። ከሻጩም ከሠራውም ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ፣ የመኪናው አካል ቀጥ ማለቱን በመለኪያ የሚያይ ቦታ ፈልጉ። ፖሊሱ የሚጠይቀው ዕቃው የማን እንደሆነ ነው። ልጆቻችሁን የሚጠብቅ መሆኑን መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው።

ስድስተኛውና ዋናው፣ ሁለታችሁም እወቁት። ወረቀቱን ሁለታችሁም አንብቡ፤ ፎቶግራፉን ሁለታችሁም እዩ። ከሁለት አንዳችሁ «ልቤ አላረፈም» ካላችሁ፣ ያ ድምፅ ከስድስት ሺህ ዶላር ይበልጣል።

የእኛ መሳቢያ ዛሬ ተለውጧል። የመኪናው ታይትል፣ የቤቱ ውል፣ የባንኩ ወረቀት ሁሉ በአንድ ፋይል ነው፤ ከሌላ ወረቀት ሥር የሚቀመጥ የለም። ሐሳቡ የእርሷ ነበር። እኔም አሁን አዲስ ነገር ልገዛ ሳስብ መጀመሪያ የምጠይቀው ደላላውን አይደለም።

ለባለትዳሮች የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ዓመት ከገዛነው ነገር መካከል ከሁለታችን አንዳችን ዋጋውን ወይም ታሪኩን በሙሉ ያልተናገርነው አለ? ለምን?

2. «ውሸት አልተናገርኩም» የምንልባቸው፣ ግን እውነቱን ያልጨረስንባቸው ጉዳዮች የትኞቹ ናቸው?

3. በቤታችን ያለ የትኛውም አስፈላጊ ወረቀት የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን?

4. ዛሬ መኪናችንን ብንሸጥ፣ ገዢው ሳይጠይቀን የምንነግረው ነገር ምንድን ነው?

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።